ነጎድጓድን ከሩቅ ያዳመጠ ሊቅ፤ የአሌክሳንደር ፖፖፍ የሕይወት ታሪክ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር የሚኖር ሰው ሁሉ የክረምትን ነጎድጓድ ያውቀዋል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ግን በጉና ተራራ በኩል ደመናው መጠቅለል ይጀምራል። እረኛው ከብቱን ሰብስቦ ሳይጨርስ፣ ዓርብ የዋለው ገበያተኛም አህያውን ጭኖ ከአርብ ገበያ ሳይወጣ ብልጭታው ከራሱ በላይ ይደርሳል። አገራችን ደጋና ገላጣ ስለ ሆነች መሸሸጊያው ሩቅ ነው። በክረምት ወራት በአማራ ምድር ሰውም ከብትም በመብረቅ እንደሚሞት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ እኛ ተማሪዎች የምንጽፈውን ስንመርጥ፣ መብረቅ ሳይደርስ መምጣቱን የሚናገር መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራውን የአንድ መምህር ታሪክ ለማቅረብ ወደድን።

ይህ ሰው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ስቴፓኖቪች ፖፖፍ ነው። ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ የነጎድጓዱ ድምፅ ለጆሮ ሳይሰማ መብረቁ ያለበትን ርቀት የሚያመለክት መሣሪያ በብዙ አገር ይሸጣል። የመሣሪያው ዘር ቢቆጠር የሚደርሰው እ.ኤ.አ. በ1895 ፖፖፍ ከሠራው ደወል ላይ ነው። ብዙ ሰው ፖፖፍን የሚያነሣው ከሬድዮ ጋር ብቻ አያይዞ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው አስቀድሞ በተግባር ያገለገለው ለወሬ ማስተላለፊያ ሳይሆን ለመብረቅ ዘበኛነት ነበረ። አንባቢዎቻችን እንዳይሳሳቱ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ የሚቆጠረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እናስታውቃለን።

ልደቱና ትምህርቱ

አሌክሳንደር ፖፖፍ መጋቢት 8 ቀን 1851 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 16 ቀን 1859፣ በኡራል ተራሮች ውስጥ ቱሪንስኪዬ ሩድኒኪ በምትባል የማዕድን መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ቄስ ነበሩ። ሰባት ልጆች የሚያሳድግ የቄስ ቤት ሀብት አልነበረውም። ስለዚህ ልጁ እንደ ሌሎቹ የካህናት ልጆች ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም በፔርም ከተማ ወዳለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተሻገረ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በጎንደርና በጎጃምም ከቄስ ቤት ወጥቶ፣ ፊደልን በደብር ቆጥሮ፣ ኋላ በዘመናዊ ትምህርት የገፋ ሰው ብዙ ነውና።

የመንደሩ ልጆች በጨዋታ ሲውሉ እሱ የማዕድኑን መዘውርና የውሃ መሳቢያ እየተመለከተ አምሳያውን ከእንጨት ይሠራ ነበር። ከትምህርቱም ሁሉ ሒሳብና ፊዚክስ ይስቡት ስለ ነበረ በ1877 የክህነቱን ጎዳና ትቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከቤቱ የሚላክለት ገንዘብ አልነበረምና ልጆች እያስጠና፣ ኋላም በከተማው የኤሌክትሪክ መብራት በሚያቆም ማኅበር ውስጥ እየሠራ ራሱን ረዳ። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት ገና አዲስ ነገር ነበረ። ይህ የእጅ ሥራ ለፖፖፍ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነለት፤ በመጽሐፍ ያነበበውን በሽቦና በመዶሻ አረጋገጠው። በ1882 ትምህርቱን ፈጸመ።

የክሮንሽታት መምህር

በ1883 ፖፖፍ በክሮንሽታት ደሴት ባለው የባሕር ኃይል የቶርፔዶ መኮንኖች ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር ሆነ። በዚሁ ዓመት ራይሳ የምትባል የሕክምና ትምህርት የተማረች ሴት አገባ፤ እሷም በሩሲያ በሐኪምነት ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ወደዚህ ትምህርት ቤት የሄደው ስለ ደመወዙ ብቻ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ ክፍል በሩሲያ አገር ካሉት ሁሉ የተሻለ መሣሪያ የነበረው ስለ ሆነ፣ ከማስተማር በተረፈው ሰዓት ምርምር ለማድረግ ይመቸው ነበር። በዚህ ቦታ 18 ዓመት አስተማረ። በየበጋውም ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ እየሄደ የታላቁን ገበያ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ይመራ ነበር። በ1887 የፀሐይን ግርዶሽ ለመመልከት ወደ ሳይቤሪያ ከተላኩት ሊቃውንት ጋር ሄደ፤ በ1893 ደግሞ በአሜሪካ አገር በቺካጎ የተደረገውን የዓለም ኤግዚቢሽን ጎበኘ።

መብረቅ የገደለው ሊቅ

የፖፖፍን ሥራ ዋጋ ለመረዳት ደወሉ ከመሠራቱ ከ142 ዓመት በፊት በዚያው በሴንት ፒተርስበርግ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ የነበረው ጌኦርግ ሪክማን የደመናውን ኤሌክትሪክ ለመለካት በቤቱ ጣሪያ ላይ የብረት ዘንግ ተከለ። ከዘንጉም ሽቦ ስቦ ወደ ቤቱ ውስጥ አስገባ። ሽቦው ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር፤ ምክንያቱም ሪክማን የፈለገው ኤሌክትሪኩን በመሣሪያው ላይ አቁሞ ለመለካት ነው። በኦገስት 6 ቀን 1753 ነጎድጓድ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ወደ መሣሪያው ቀርቦ ሲመለከት መብረቁ በሽቦው መጥቶ ግንባሩን መታው፤ ወዲያው ሞተ።

የሪክማን ሞት ለሊቃውንት ሁሉ አንድ ጥያቄ ትቶ አለፈ። ይኸውም መብረቅን ቀርቦ መመርመር ሞት ከሆነ፣ ሳይቀርቡ እንዴት ይመረመራል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። መልሱም የመጣው ከመብረቅ ጥናት ሳይሆን ከሌላ አቅጣጫ ነው።

በ1887ና በ1888 ጀርመናዊው ሄንሪክ ሄርትዝ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በተደረገ ጊዜ ዓይን የማያየው ሞገድ ወደ አራቱም ማዕዘን እንደሚሄድ በሙከራ አሳየ። የዚህ ሞገድ ፍጥነት እንደ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው። በ1890 ፈረንሳዊው ኤድዋር ብራንሊ በሞረድ ተፍቆ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ የብረት ደቃቅ ጠባዩን የሚለውጥ መሆኑን አስተዋለ። ደቃቁ ልል ሆኖ ስለሚቀመጥ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ በአጠገቡ ብልጭታ ሲደረግ ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና መንገድ ይከፍታሉ። ቱቦውን በጣት መታ መታ ካደረጉት ደቃቁ ተናውጦ እንደ ገና ይዘጋል። በ1894 እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ይህን ቱቦ የሄርትዝን ሞገድ ለመቀበል ተጠቀመበት። እንዲናወጥም በሰዓት መዘውር የሚንቀሳቀስ መምቻ አደረገለት። የሎጅ መምቻ ግን ሞገድ ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ በራሱ ጊዜ ብቻ የሚመታ ነበር።

ራሱን የሚቀሰቅስ ደወል

ፖፖፍ የሎጅን ጽሑፍ ባነበበ ጊዜ ጉድለቱን ተመለከተ። እንደሚታወቀው መብረቅ ቀጠሮ የለውም። መሣሪያው እያንዳንዱን ብልጭታ እንዲቆጥር ከተፈለገ፣ የመጣው ሞገድ ራሱ ቱቦውን አናውጦ ለሚቀጥለው ማዘጋጀት አለበት። ፖፖፍ ያደረገው እንዲህ ነው። ቱቦውን ከባትሪና ሪሌይ ከሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ጋር አገናኘ፤ ሪሌዩን ደግሞ ከተራ የኤሌክትሪክ ደወል ጋር አያያዘ። ሞገድ ሲመጣ የብረቱ ደቃቅ መንገድ ይከፍታል፤ የባትሪው ኃይል ያልፋል፤ ሪሌዩ ደወሉን ያበራል። የደወሉ መዶሻ ወደ ፊት ሲሄድ ደወሉን ይመታል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ቱቦውን ይመታል። ደቃቁ ይናወጣል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ደወሉም ዝም ይላል። መሣሪያው ሌላ ሞገድ ለመስማት እንደ ገና ዝግጁ ይሆናል። የሰው እጅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ብልኀቱ ሽቦው ነው። ከቱቦው በአንደኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ሽቦ አቆመ፤ ሌላውን ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘው። ይህ ሽቦ ዛሬ አንቴና የምንለው ነው። በ1895 በትምህርት ቤቱ ባደረገው ሙከራ መሣሪያው እስከ 64 ሜትር ርቀት ላይ የተደረገውን ብልጭታ ሰማ። በሚያዝያ 30 ቀን 1887 ዓ.ም.፣ ማለት በሜይ 7 ቀን 1895፣ ፖፖፍ በሴንት ፒተርስበርግ በሩሲያ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማኅበር ስብሰባ ላይ መሣሪያውን ይዞ ቀርቦ በሊቃውንት ፊት ደወሉን አስደወለ።

ፖፖፍ በሥራው ላይ ሳለ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። እሱ ምንም ብልጭታ ሳያደርግ ደወሉ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን ይደውላል። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ይተወው ይሆናል። ፖፖፍ ግን ምክንያቱን ተከታተለ፤ የሚያስደውለውም በሩቅ ያለ መብረቅ መሆኑን ተረዳ። መብረቅ ማለት ከኪሎ ሜትር የሚረዝም ታላቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነውና፣ በጠረጴዛ ላይ ያለችው ትንሽ ብልጭታ የምትሰጠውን ሞገድ እሱ እጅግ አብዝቶ ይሰጣል።

በዚያው በ1895 በጋ መሣሪያው በሴንት ፒተርስበርግ በደን ትምህርት ተቋም የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ላይ ተተከለ። በደወሉ ላይም እስክሪብቶ ተጨመረበት፤ በሰዓት መዘውር በሚዞር ወረቀት ላይ መብረቅ በበረቀ ቁጥር ምልክት ያደርግ ነበር። መሣሪያው እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለውን መብረቅ ይሰማ ነበር። የነጎድጓድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር ወዲያ ለጆሮ የማይደርስ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ደወል ከሰው ጆሮ በእጥፍ ይርቅ ነበር ማለት ነው። ሪክማን በሞተበት ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ደመናው ገና ሳይደርስ፣ መብረቁን በወረቀት ላይ መቁጠር ቻለ።

በ1896 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ በተደረገው የመላው ሩሲያ ኤግዚቢሽን ላይ መሣሪያው ቀርቦ ፖፖፍ ዲፕሎማ ተሸለመበት። የኤሌክትሪክ ጣቢያ ኃላፊ የሆነ ሰው ነጎድጓድ መምጣቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ከፖፖፍ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በዚሁ ዓመት የእኛ አባቶች በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል አደረጉ። ከድሉ 23 ቀን በኋላ፣ በመጋቢት 16 ቀን፣ ፖፖፍ በዚያው በሴንት ፒተርስበርግ ማኅበር ፊት መሣሪያውን እንደ ገና አሳየ። ከዚያም በዚያው ዓመት የሩሲያ የቀይ መስቀል ሐኪሞች የዓድዋን ቁስለኞች ለማከም አዲስ አበባ ገቡ። እኛ ይህን የምናነሣው የሁለቱ አገሮች ታሪክ በአንድ ዘመን ይጓዝ እንደ ነበረ ለማሳየት ነው።

ከመብረቅ ወሬ ወደ ሰው ወሬ

መሣሪያው የመብረቅን ምልክት ከተቀበለ ሰው ሆን ብሎ የሚልከውንም ምልክት ሊቀበል ይችላል። ፖፖፍ ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ የጎደለው ብርቱ የብልጭታ ማድረጊያ ብቻ ነበር። በ1897 በባልቲክ ባሕር ላይ በመርከቦች መካከል ሲሞክር ምልክቱ 5 ኪሎ ሜትር ደረሰ። በሙከራው ጊዜ ሌላ መርከብ በሁለቱ መካከል ሲያልፍ ምልክቱ እንደሚቋረጥ አስተውሎ ጻፈ።

ታላቁ ፈተና የመጣው በ1899 መጨረሻ ነው። ጄኔራል አድሚራል አፕራክሲን የተባለው የጦር መርከብ በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ በሆግላንድ ደሴት አጠገብ ከዐለት ላይ ወጣ። ባሕሩ በበረዶ ስለ ተሸፈነ የቴሌግራፍ ሽቦ መዘርጋት አልተቻለም። ፖፖፍና ረዳቱ ፒዮትር ሪብኪን በደሴቱና በኮትካ ከተማ በኩል አንቴና አቁመው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት ያለ ሽቦ አገናኙ። በፌብሩዋሪ 1900 ከተላኩት የመጀመሪያ ቴሌግራሞች አንዱ ስለ መርከቡ አልነበረም። በተሰበረ በረዶ ላይ ሆነው ወደ ባሕር የተወሰዱ ዓሣ አጥማጆች ነበሩና፣ የርማክ የተባለው በረዶ ሰባሪ መርከብ ወዲያው ሄዶ እንዲፈልጋቸው የሚያዝ ነበር። መርከቡ ሄደ፤ ከ20 በላይ የሆኑ ሰዎችንም በሕይወታቸው አዳነ። የጦር መርከቡም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ገደማ ከዐለቱ ወረደ። መብረቅን እንዲጠብቅ የተሠራው መሣሪያ እንዲህ ሆኖ የድኾችን ዓሣ አጥማጆች ነፍስ አተረፈ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ፖፖፍ የወርቅ ሜዳይ አገኘ።

ስለ ሬድዮ ፈልሳፊነት ሲነሣ ክርክር አይጠፋም። ጣልያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ በጁን 1896 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ሥራውንም በገንዘብና በኩባንያ አስፋፍቶ ለዓለም አዳረሰው። ፖፖፍ በበኩሉ የባሕር ኃይል መምህር ስለ ነበረ ነጋዴ አልሆነም፤ በ1895ም ለደወሉ የፈጠራ መብት አልጠየቀም። ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱም የድርሻቸውን አድርገዋል። ማርኮኒ ሬድዮን የዓለም መገናኛ ለማድረጉ ምስጋና ይገባዋል፤ ተፈጥሮ ራሷ የምትልከውን የመብረቅ ምልክት በመሣሪያ ለመመዝገብ ግን ፖፖፍ ቀደመ። በ1902 ማርኮኒ በመርከብ ወደ ክሮንሽታት በመጣ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው ነበር።

ስለ ተማሪዎቹ የቆመ መምህር

በ1901 ፖፖፍ በሴንት ፒተርስበርግ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1905 ደግሞ የተቋሙ መምህራን ዲሬክተር አድርገው መረጡት፤ በምርጫ ለዚህ ሥልጣን የበቃ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ነገር ግን ያ ዓመት በሩሲያ የታላቅ ብጥብጥ ዓመት ነበረ። ተማሪዎች ይሰበሰቡ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ዲሬክተሮቹ በተማሪዎቹ ላይ እርምጃ እንዲወስዱ ይፈልግ ነበር። ፖፖፍ በጠባዩ ዝምተኛና ትሑት ሰው ነበር፤ በፖለቲካም የታወቀ አልነበረም። ሆኖም ተቋሙ ለፖሊስ እንዲከፈትና ተማሪዎቹ እንዲቀጡ እሺ አላለም። በዚህ ጉዳይ ከባለሥልጣኖች ጋር ብርቱ ክርክር ካደረገ በኋላ ታመመ። በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ በጥር 5 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ ማለት በጃንዋሪ 13 ቀን 1906፣ በ46 ዓመቱ ሞተ።

እኛ ተማሪዎች ይህን ክፍል ስናነብ ልባችን ይነካል። ስለ ደወሉ የሚያስታውሰው ሰው ብዙ ነው፤ የጤናውን ዋጋ ከፍሎ ተማሪዎቹን እንዳላስነካ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሩሲያ ከ1945 ጀምሮ ሜይ 7ን የሬድዮ ቀን አድርጋ ታከብራለች። የፖፖፍ አገር ሰዎች የሬድዮንና የኤሌክትሪክን ጥበብ ወደ እኛም አቅራቢያ አምጥተዋል፤ በ1963 የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተከፈተው በሶቪዬት ኅብረት እርዳታ ነበርና።

የዛሬው የኪስ መሣሪያና ለእኛ ያለው ጥቅም

ዛሬ የብረት ደቃቅና የመስታወት ቱቦ ቀርቷል። በኪስ የሚያዘው የመብረቅ አመልካች የሚሠራበት ሐሳብ ግን ያው የፖፖፍ ነው። በውስጡ ትንሽ አንቴና አለው፤ መብረቁ የሚልከውን ሞገድ ይቀበላል፤ የሞገዱን ብርታትና መልክ መርምሮ ርቀቱን ይገምታል። ከነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከ40 ኪሎ ሜትር ጀምሮ መብረቁ እየቀረበ ሲመጣ በየደረጃው በመብራትና በድምፅ ያስታውቃሉ። ጉድለትም አላቸው። ሞተር፣ ወፍጮ ወይም የመኪና መቀስቀሻ በአጠገብ ሲኖር በስሕተት ሊጮኹ ይችላሉ። ርቀቱም ግምት እንጂ ልክ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ መሣሪያው የሚሰማው የበረቀውን መብረቅ ስለ ሆነ፣ ከራሳችን በላይ ካለው ደመና የሚወርደውን የመጀመሪያውን መብረቅ አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ጠቋሚ ነው እንጂ ጋሻ አይደለም።

ጥቅሙን በቀላል ሒሳብ እናሳይ። ደመናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቢሆን፣ ነጎድጓዱ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ሲሰማ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሚቀረው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። መሣሪያው በ40 ኪሎ ሜትር ላይ ካስታወቀ ግን 80 ደቂቃ ይኖረናል። በገደል ማዶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሰብስቦ ቤት ላይደርስ ይችላል፤ በ80 ደቂቃ ግን ይደርሳል። የአንድ ሕይወት ልዩነት በነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ አለ።

መሣሪያውን መግዛት ለሁሉ አይቻልም። ነገር ግን በየቤቱ ያለው ትንሽ የባትሪ ሬድዮ ለፖፖፍ ደወል የቅርብ ዘመድ ነው። ሬድዮኑን በመካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ በሌለበት ስፍራ ቢያቆሙት፣ መብረቅ በበረቀ ቁጥር ጠርጠር የሚል ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ እየበዛና እየበረታ ከሄደ ነጎድጓዱ እየቀረበ ነው። ከዚህም ሌላ ምንም የማያስከፍል መለኪያ አለ፤ እሱም መቁጠር ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ብልጭታውን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የቆጠርነውን ሴኮንድ ለ3 ብናካፍል ርቀቱን በኪሎ ሜትር እናገኛለን። ቁጥሩ 30 ወይም ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ወዲያው መጠለል ይገባል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ መውጣት አይገባም፤ ዝናሙ አባርቶ ሰው ሲወጣ የሚመታበት ጊዜ ብዙ ነውና።

የተሻለው መጠለያ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ያለው ሕንጻ፣ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው። የሳር ቤት ከዝናም ያስጥላል እንጂ ከመብረቅ አያድንም፤ ሊቃጠልም ይችላል። በቆርቆሮ ቤትም ቢሆን ከግድግዳው፣ ከበሩና ከምሰሶው ራቅ ብሎ በመካከል መቀመጥ ይሻላል። ብቻውን ከቆመ ዛፍ፣ ከባሕር ዛፍም ሆነ ከጥድ ሥር መጠለል ትልቅ አደጋ ነው። በኮረብታ ራስ ላይ መቆም፣ በወንዝ ውስጥ መሆን፣ የሽቦ አጥር መደገፍ፣ የብረት መሣሪያ ተሸክሞ መሄድም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው አብሮ ከሆነ ተጠጋግቶ ሳይቆም ተራርቆ ይጓዝ። መብረቅ ከወደቀበት ስፍራ ኤሌክትሪኩ በመሬት ውስጥ ይሰራጫል፤ የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች በብዛት የሚሞቱትም ስለዚህ ነው። ስለዚህ በመሬት ላይ መጋደምም አይገባም።

አንድ ነገር በተለይ ለወላጆቻችን ለማሳሰብ እንወዳለን። በመብረቅ የተመታ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርበትም፤ እሱን መንካት አያስፈራም። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ልቡና ትንፋሹ ስለሚቆም ነው። ፈጥኖ ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የሚረዳው ከተገኘ ሊድን ይችላል። ፈርቶ መራቅ ሊተርፍ የሚችለውን ነፍስ ማጥፋት ነው።

እነሆ የፖፖፍ ታሪክ ይህ ነው። ሀብት ከሌለው የቄስ ቤት ወጣ፤ ልጆች እያስጠና ተማረ፤ የሕይወቱን ትልቅ ክፍል በመምህርነት ጨረሰ። ደወሉ ያለ ምክንያት ሲደውል ምክንያቱን ፈለገ፤ ከዚያም የሰው ልጅ መብረቅን ሳይቀርበው የሚያዳምጥበት መንገድ ተከፈተ። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊዚክስ የምንማር እኛም በየክረምቱ ከራሳችን በላይ የሚያልፈውን ነገር በፍርሃት ብቻ ሳይሆን በእውቀት ብንመለከተው፣ በመጽሐፍ ያነበብነውን ወደ እረኛው ወንድማችንና ወደ ገበያተኛዋ እናታችን ብናደርሰው፣ የትምህርት ቤታችንን በዓል በሚገባ አከበርን ማለት ነው።